እኩል የወጡትን ጨምሮ

መንታው የሚባለው ሰው መንታ የለውም። እናቱ አንድ እሱን ወልዳ በቃኝ ያለች ሴት ናት። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ያውም ገና ባለፈው ወር። በጥሪ ማዕከሉ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። በየወሩ መጨረሻ ደንበኛን ደህና አድርገው ያስተናገዱት ሦስት ሰዎች ስም እዚያ ላይ ይወጣል። ባለፈው ወር አንደኛ ላይ አንዲት ሴት ወጣች፣ ሁለተኛ ላይ እሱ ወጣ፣ ሦስተኛ ላይ ደግሞ እንደገና እሱው ወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ፣ ለወንድምህም ተቀጥረህለታል እንዴ?» ተባለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ የሚጠራው የለም። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ግን ከስክሪኑ ላይ የጠፋች አንዲት ልጅ ነበረች። ከመንታው ጋር ነጥብ በነጥብ እኩል ያመጣች፣ ድምፅዋ ስለሚጣፍጥ «ማሬ» የሚሏት የስልክ ሠራተኛ ናት።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሴቶች የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆመው ይህንኑ ያነሱ ነበር። «የዚህ ወሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣል» አለች አንደኛዋ፣ የከንፈር ቀለሟን እያስተካከለች፤ «የቡድን መሪውንም እዚያ ላይ ስማቸው ከወጣው መሃል ነው የሚመርጡት አሉ።» ሁለተኛዋ ሳቀች። «ታዲያ ማሬን እንደ ባለፈው እህቷ ካልቀበረቻት ነዋ!» «ተይ እንጂ፣ የማሽን ስህተት ነው ተብሏል።» «ማሽኑን የምትነዳው ማን ሆነችና? ባዳ ብታደርገው ይሁን። የእናቷን ልጅ!» ቧንቧው ተዘጋ፣ የጫማ ተረከዝ ኮሪደሩን ይዞ ሄደ። ከሦስቱ በሮች በመሃለኛው ውስጥ እመት ሰንጠረዥ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣ ነበር።

እመት ሰንጠረዥ የማሬ ታላቅ እህት ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣታለች። ስልክ አታነሳም። ድሮ ታነሳ ነበር፤ ደንበኞች «ይቺ ሴትዮ ምን አድርገናት ነው የምትቆጣን?» እያሉ አቤቱታ ሲያበዙ ኃላፊው ከስልክ አንስቶ ቁጥር ላይ አስቀመጣት። ቁጣ አልነበረም። ድምፅዋ ከተፈጥሮው ሻካራ ነው፤ «እንደምን አደሩ» ስትል እንኳ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። ቁጥር ላይ ግን የሚስተካከላት የለም። ስንት ሰው ደወለ፣ ስንቱ ሳይመለስለት ዘጋ፣ ማን በስንት ደቂቃ ጨረሰ፣ ደንበኛው ከመቶ ስንት ሰጠው፤ ይሄ ሁሉ በእሷ ሰንጠረዥ ውስጥ ያልፋል፤ ቅጽል ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለቡድን መሪነት አመልክታ ሁለቱንም ጊዜ «ስልክ ላይ የማይቀመጥ ሰው ስልክ የሚያነሱትን አይመራም» ተብላ ተመልሳለች። ማሬን እጇን ይዛ ያስቀጠረቻት እሷ ናት። ማዳመጫውን እንዴት እንደምታስተካክል ያሳየቻት፣ «ደንበኛ ሲጮኽ አንቺ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ብላ የመከረቻትም እሷው ናት። ለራሷ ያልሆነላት ምክር ለእህቷ ሠራላት።

መታጠቢያ ቤት የሰማችው ሐሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጥታ ፊት ለፊት ትነግራቸው ነበር፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ድምፅዋ ይመቻል። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስህተቱ ስህተት ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ስሞቹን የሚመርጠውን ቀመር ስትጽፍ ለተንኮል አልጻፈችውም። ነገር ግን ዝርዝሩን ወደ ስክሪኑ ከመላኳ በፊት አይታዋለች። አንድ ስም፣ ሁለት ቦታ። ጠቋሚ ጣቷን እዚያ ስም ላይ አሳርፋ፣ የጎደለው የማን እንደሆነ በልቧ ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ከዚያ ላከችው። ለምን እንዲህ አደረግሽ የሚላት ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። ቀንታ ነው።

ቅናቷ የሚጀምረው ከቤት ነው። እናትና ሁለት ልጆች በአንድ ሳሎንና በአንድ መኝታ ቤት ይኖራሉ። ዛሬ ጠዋትም እናትየው እንደ ልማዷ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ለማሬ አልጋዋ ድረስ ይዛላት መጣች። «ጉሮሮሽን ጠብቂ የኔ ልጅ፣ ሥራሽ በሱ ነው» አለቻት። ለታላቂቱ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ተቀምጦላታል፤ ቀዝቅዟል። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ላይ የሚፈጡ ዓይኖች ያሏትን ልጅ «ዓይንሽን ጠብቂ» ያላት የለም። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ የማሬ ነው፣ ለጉሮሮዋ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል ተብሎ። በግድግዳው በኩል ያለው የእመት ሰንጠረዥ ነው፤ ለግድግዳ ምን ምክንያት ያስፈልገዋል። ሰሞኑን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። እሷ ወደ ኩሽና ስትገባ ወሬ ይቆረጣል። እናቷ ድስቱን ታማስላለች፣ ማሬ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። «ምን እያወራችሁ ነበር?» ስትል «ምንም» ይሏታል፣ ሁለቱም እኩል። የቡድን መሪነቱን ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል ብላ ደመደመች። እኔን ላለማስቀየም ነው ተደብቀው የሚደሰቱት። ይህ ከሎሚው ውሃ ይብስ አንገበገባት፤ ሰው ደስታውን እንኳ ከሚደብቅባት ሴት ተራ ገባሁ ማለት ነው አለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ኃላፊው ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ሲያወራ የሰው ወንበር መደገፊያ የሚይዝ ሰው ነው። «ያን ፎርሙላ ዛሬ ትቀይሪልኛለሽ» አላት። «ከላይ ያሉት እንኳ ሳቁብን። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡትን አሳዪ፣ እኩል የወጡትን ጨምሮ። አራት ቢሆኑ አራት፣ ስድስት ቢሆኑ ስድስት። ገባሽ? እኩል የሠራ ሰው ስሙ እንዳይቀር።» ገባኝ አለች። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚመረጠው ሰው ከሰኞ ጀምሮ በመስታወት በተከለለው የቡድን መሪ ክፍል ይቀመጣል፣ የእሷን ሪፖርት በየጠዋቱ ይቀበላል፣ ይሄ ልክ አይደለም ብሎም ይመልስባታል። ያንን ክፍል ስምንት ዓመት ከፊት ለፊቱ ተቀምጣ አይታዋለች። መጋረጃው ስንት እጥፋት እንዳለው ታውቃለች።

የድሮው ቀመር ሞኝ ነበር። «ሦስተኛውን ትልቅ ውጤት ፈልግ፣ ከዚያ ያ ውጤት ያለውን ሰው ስም አምጣ» ብላ ነበር ያዘዘችው። ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ይፈልጋል፣ ያንን ውጤት ያለው የመጀመሪያውን ሰው ሲያገኝ አገኘሁ ብሎ ይቆማል። ከሥር ሌላ እኩል ያመጣ ሰው ይኑር አይኑር አይገደውም። መንታው ቀድሞ ስለተቀጠረ በሰንጠረዡ ላይ ከማሬ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውም ሲፈለግ እሱ፣ ሦስተኛውም ሲፈለግ እሱ ተገኘ። እመት ሰንጠረዥ ጠዋቱን ሙሉ ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ፣ ስትሞክር ቆየች። መፍትሔው የመጣላት ከጥያቄው ላይ ሰውን ስታወጣው ነው። ሦስተኛው ማነው ብሎ መጠየቅ የለም። ሦስተኛው ውጤት ስንት ነው? ከዚያ ውጤት የማያንስ ያመጣውን ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድረህ አምጣ። ባለፈው ወር ቁጥሮች ላይ ሞከረችው። መንታው አንድ ጊዜ ወጣ፣ ከሥሩ ማሬ ወጣች። ሥራው ስላማረ ለአፍታ ቅናቷን ረስታ ፈገግ አለች። እጇ ያወጣውን ሥራ የምትወድ ሴት ናት።

ምሳ ሰዓት ማሬ ከሁሉም ጠረጴዛ ስትጠራ እያለፈች መጥታ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የክበቡ ምሳ ዋጋ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ጨምሯል፣ ሥጋው ደግሞ ቀንሷል፤ ስለሱ ትንሽ አወሩ። አስተናጋጁ ለማሬ ሳትጠይቀው ብርቱካን ጨመረላት። እመት ሰንጠረዥ ይህንንም አየች፤ የሚያመልጣት የለም። ማሬ ብርቱካኑን ልጣ እኩሌታውን ወደ እህቷ ሳህን ገፋችው። «ፎርሙላውን ጨረስሽው፣ እትዬ?» «ሊያልቅ ነው።» «አስቸገረሽ?» «ምን ያስቸግረኛል።» ማሬ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈት አድርጋ ተወችው። ከወትሮው ረዘም አድርጋ አየቻት። ታላቂቱ ያንን ዓይን ልመና ነው ብላ ተረጎመችው፤ ስሜን እንዳትረሺው ማለቷ ነው። እኩሌታውን ብርቱካን ሳትበላው ተነሳች።

ስምንት ሰዓት ላይ የዚህን ወር ቁጥሮች አስገባች። ሦስት ስሞች ወጡ። ሦስተኛው መንታው ነው፣ ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት ሁለት። ማሬ የለችም። ወርዳ ፈለገቻት፤ አራተኛ፣ ዘጠና አራት ነጥብ አምስት ስምንት። በመሃላቸው ያለው አንድ ደንበኛ ነው፣ ምናልባትም በዚያ ቀን ጫማው የጠበበው አንድ ሰው። እመት ሰንጠረዥ ወንበሯን ተደገፈች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ፤ ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በዚህኛው እኔ የለሁበትም አለች። ቀመሩ ትክክል ነው፣ ቁጥሩ የራሷ ነው፣ ማን ምን ይለኛል? ከጠረጴዛዋ በግራ በኩል ግን የአሠራር መመሪያው ተለጥፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ኃላፊው ሲናገር እሷው ናት የተየበችው። አምስተኛው መስመር «የደንበኞች ውጤት ከነጥቡ በኋላ ወደ አንድ አኃዝ ይጠጋጋል» ይላል። ሲጠጋጋ ሁለቱም ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት ናቸው። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው የለም፤ ከተለጠፈ ጀምሮ የነካው ዝንብ ብቻ ነው። ወንበሯን ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረች።

ስምንት ተኩል ላይ ኃላፊው ከኋላዋ መጥቶ መደገፊያዋን ያዘ። «እስቲ ልየው። ሦስት ናቸው። እኩል የወጣ የለም ማለት ነው?»

«የለም።»

«ማሬስ?»

«አራተኛ ናት። በትንሽ ነው ያመለጣት።»

ኃላፊው ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ለነገሩ ላንቺም ይሻላል። ታናሽ በታላቅ ላይ ስትሾም ቤት ውስጥ ሰላም አይኖርም። እኔም ታናሽ ወንድም አለኝ፣ አውቀዋለሁ። አይዞሽ።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ኃላፊው ሁለቱም ደርሰውበታል። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ቀና አለ።

ቢጠረጥራት ኖሮ ትከራከረው ነበር። ቢቆጣት ትቆጣው ነበር። እሱ ግን አጽናናት። ስምንት ዓመት ከሰው ዓይን ደብቄዋለሁ ያለችውን ነገር እንደ ጉንፋን የታወቀ፣ የማያሳፍር፣ ሁሉም የሚያልፍበት አድርጎ በአዳራሹ መሃል አነሳው። ፊቷ ጋለ። እሱ ካወቀ ማን አላወቀም? የከንፈር ቀለም የምትቀባው ታውቃለች፣ አስተናጋጁም ያውቃል። ዝርዝሩን እንዲህ ብትልከው ሁሉም አንገቱን እየነቀነቀ «አይዞሽ» ይላታል። ያንን አይዞሽ ዕድሜዋን ሙሉ ልትሰማው ነው።

«ይቆዩ» አለችው። «አላጠጋጋሁትም።»

ከደግነት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ኩራት ነው። ግን እጇ ሠራው። ከውጤቱ አጠገብ አንድ ዓምድ ጨመረች፣ ውጤቶቹን በመመሪያው መሠረት አጠጋጋች፣ ቀመሩን ከአዲሱ ዓምድ እንዲያነብ አዘዘችው። ሦስቱ ስሞች አራት ሆኑ። መንታው ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት፣ ማሬ ዘጠና አራት ነጥብ ስድስት። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ አደረገ። «መመሪያው እንዲህ ይላል እንዴ?» አለ፣ ራሱ የፈረመውን ወረቀት ዛሬ ገና እንዳየው። «ይላል» አለችና ላከችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስክሪኑ በራ። አራት ስም ያዩ ሰዎች መጀመሪያ ጣታቸውን ቆጠሩ፣ ከዚያ ሳቁ። መንታው ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ዘረጋ፤ «ይኸው መንታዬን ወለዱልኝ!» አለ፣ አዳራሹም እንደገና ፈረሰ። ኃላፊው በዓመቱ ውስጥ ከአራቱ ይበልጥ ስሟ የወጣው ማሬ መሆኗን ተናግሮ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የቡድን መሪ እሷ ናት አለ። ጭብጨባው ረዘመ። እመት ሰንጠረዥም አጨበጨበች። ሰዎች ማሬን ሲያቅፏት፣ አንዷ ጸጉሯን ስታስተካክልላት፣ ኃላፊው የመስታወቱን ክፍል ቁልፍ ሲያሳያት ቆማ አየች፤ ቅናቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። ልክ ሠርቼ እንኳ ካልተወኝ መቼ ነው የሚተወኝ ብላ ተናደደች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ምስጋና። ያንን ካገኘሁ ቢያንስ እኩል እንሆናለን ብላ አሰበች።

ሰው ወደየወንበሩ ሲመለስ ወደ ማሬ ጠረጴዛ ሄደች። «ቀመሩ ጥሎሽ ነበር» አለቻት። «እኔ ነኝ ያስገባሁሽ።»

ማሬ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ወደ አንገቷ አወረደች። «አመሰግናለሁ፣ እትዬ» አለች። ቀና ብላ አየቻት፤ የምሳ ሰዓቱ ዓይን ነው። «ያለፈው ወርስ?»

«ያለፈው ወር ምን?»

«ውሃ ልቀዳ መጥቼ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ስሙ ሁለቴ መውጣቱን አየሽው። በጣትሽ ነካሽው። ከዚያ ላክሽው።»

የውሃው ማቀዝቀዣ ከእመት ሰንጠረዥ ወንበር በስተጀርባ ነው የሚቆመው፤ ስምንት ዓመት ጀርባዋን ሰጥታው ተቀምጣለች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ማስተባበያ ፈለገች፣ አፏ ግን ሌላ ነገር አመጣ። «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእማዬ ነገርኳት። ‹ዝም በያት፣ እህትሽ ናት፣ ራሷ ትነግርሻለች› አለችኝ።» ማሬ የማዳመጫውን ገመድ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። «ወር ሙሉ ስንጠብቅሽ ነበር።»

እመት ሰንጠረዥ መጀመሪያ የተሰማት፣ ይገርማል፣ ቅናት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጠብቁ እሷ የለችበትም። ከዚያ የሚጠበቀው ማን እንደነበር ገባት። ሠላሳ ጠዋት እናቷ ድስት እያማሰለች፣ ይቺ ልጄ ዛሬ ትናገር ይሆን ብላ ጆሮዋን ስትሰጣት፣ እሷ ሻዩ ቀዝቅዟል ብላ ስትነጫነጭ ነው የከረመችው። የማሬ ስልክ ላይ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ቀንቼብሽ ነው» አለች።

ያ ሻካራ ድምፅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለው አሁን ነው፤ ያውም ማሬ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ በመለሰችበት ቅጽበት። ትስማት አትስማት አላወቀችም። ማሬ አንድ ጣቷን ወደ ላይ አንስታ ቆዪ አለቻትና «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። የደዋዩ ጉዳይ ረጅም ነበር። እመት ሰንጠረዥ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም። ጥሪው ሲያልቅ ደግማ ልትነግራት እዚያው ቆማ ጠበቀች።